ያልደረቀው ፊልም

ወንጪ መምህርት ሆኜ ስመደብ ገና ልጅ እግር ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ምደባ ከወጣ በኋላ «አልሄድም» ብሎ ነገር የለም። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ፣ ጫማዬን ጭቃ ሲነካው የምነጫነጭ፣ ፈረስ ከሩቅ ካልሆነ ማየት የማልወድ ሰው ነበርኩና ዓመቱን ሙሉ ሳማርር ከረምኩ። ልጆቹ እኔን ኦሮምኛ ያስተማሩኝን ያህል እኔ እነሱን አማርኛ ማስተማሬን እጠራጠራለሁ። በመስከረም፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ ቆርጬ ተነሳሁ። አምቦ ወርጄ የአውራጃው ትምህርት ቢሮ በር ላይ እቀመጣለሁ፤ ዝውውር ካልሰጡኝ አልነሳም ብዬ።

ዝውውሩን ግን ተዉት። ላወራችሁ የፈለግሁት በዚያ ቀን አብረውኝ ስለተሳፈሩ አንድ ሰው ነው። ተራቸውን ሰጡኝ፤ እኔም ተቀበልኩ። ከዚያ ወዲህ ሰው «ቅደሚ» ባለኝ ቁጥር እሳቸው ፊቴ ይደቀናሉ።

ኦቦ ገመቹ ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸው ገብስማ የሆነ ገበሬ ናቸው። በዚያ አገር ሰው ሲጣላ መጀመሪያ የሚጠራው እሳቸውን ነው። የልጅ ልጃቸው እኔ ክፍል ትማር ስለነበር በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ «ባርሲስቱ» ነው የሚሉኝ፤ አስተማሪዋ ማለታቸው ነው። ያን ቀን ወደ አምቦ የሚወርዱት በከብት የተካሰሱ ሁለት ወንድማማቾችን ሊያስታርቁ ነበር።

የተሳፈርነው ገብስና ድንች የጫነ የጭነት መኪና ላይ ነው። ሌላ ምን አለና! ጆንያው ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። እሳቸው ከሹፌሩ ክፍል ኋላ፣ ነፋስ የማይመታውንና መንገጫገጩ የሚቀንሰውን ቦታ ይዘው ነበር። እኔ ስወጣ ተነሱ።

«ነይ ባርሲስቱ፣ እዚህ ይሻልሻል።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ የለመድኩት ነው» አሉና ጠርዙ ላይ፣ ከብረቱ አጠገብ ተቀመጡ።

ከወንጪ ወደ አምቦ የሚወርደውን መንገድ በዝናብ የሄደበት ያውቀዋል። ከባዱን ቁልቁለት ጨርሰን ሁላችንም «ተመስገን» ካልን በኋላ፣ አደጋ ይደርሳል ብሎ ማንም የማያስበው መታጠፊያ ላይ የኋላ ጎማው ተንሸራተተ። መኪናው ቀስ ብሎ ጋደለ። በጣም ቀስ ብሎ ነው፤ ለመዝለል ጊዜ ያለን ሁሉ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጆንያውም እኛም አንድ ላይ ወረድን።

ስነቃ ቀኝ ክንዴ የኔ አይመስልም፤ ከክርኔ በላይ ታጥፏል። ጮህኩ። አንዳንድ ሰው ሲያመው ድምፁ ይጠፋል ይባላል፤ የኔ ወንጪ ሐይቅ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ከጆንያ ሥር እየጎተቱ ያወጡኝ ኦቦ ገመቹ ናቸው። ጋቢያቸውን ቀደው ክንዴን አሰሩልኝ። ከዚያ የመኪናውን ረዳት አወጡ፤ እግሩ ተሰብሮ ነበር። ቀጥለው ልጅ ያዘለች እናት አወጡ፤ ከዚያ ከድር የሚባለውን ባለሱቅ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ግራ እጃቸውን ጎናቸው ላይ ለጥፈው እንደነበር አስታውሳለሁ። ያን ጊዜ ግን ልብ ያለው ሰው የለም። ቆሞ የሚሄድን፣ ሰው የሚረዳን ሰው ማን «ተጎድተሃል ወይ» ይለዋል?

የእርሻ ሥራ መኪና በዚያ ሲያልፍ አግኝቶ ሆስፒታል አደረሰን። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አልጽፍም፤ በዚያን ዘመን አሠራሩ የትም ቢሄዱ ያው ነበርና አንዱን ለይቶ መውቀስ አይገባም። ያለው ሐኪም አንድ ነው፤ እሱም ምጥ የጠናባትን ሴት ቀዶ ጥገና ክፍል አስገብቶ ነበር። እኛን የተቀበለን ድሬሰር ከወገቡ በላይ ላብ በላብ ሆኖ ወዲያ ወዲህ ይሮጣል። ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ የምጧን ሴት ዘመዶች ያረጋጋል። እኛን ራጅ ክፍሉ በር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ደረደረንና ጠየቀን።

«ከናንተ ማን ይቅደም?»

እንግዲህ ልብ በሉ። ማን በጣም እንደተጎዳ የጠየቀው እኛኑ ነው። እኛ ደግሞ ያደግነው እንዴት ነው? ከሰው ፊት አትቅደም፣ አትሽቀዳደም፣ ጎረቤትህ ይጉረስ ተብለን ነው። አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ግብዣ ላይ ያለ ይመስል መገባበዝ ጀመረ።

ከበሩ አጠገብ የተቀመጡት ኦቦ ገመቹ ነበሩ። ተራው የሳቸው ነው። ድሬሰሩም «አባት፣ ይግቡ» አላቸው።

«ኧረ ባርሲስቱ ትግባ። ልጆቹን የምታስተምረው በዚያ እጇ ነው።»

«እርስዎ ይቅደሙ እንጂ!» አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ አንዴ አልኩ።

«አይሆንም። ግቢ፣ ልጄ። እኔ ተቀምጬ ልረፍ።»

ሁለተኛ አላልኩም። ክንዴ እሳት ሆኖብኛል፤ ደግሞም ትልቅ ሰው ሲያከብርህ አጥብቆ መከራከር ነውር ነው። ገባሁ።

የራጅ ሠራተኛው ለማ ይባላል። ፈጣንና ንጹሕ፣ ሥራውን የሚወድ ጎልማሳ ነው። ክንዴን ጠረጴዛው ላይ አስተካክሎ አነሳኝ። «ተሰብሯል?» ብዬ ብጠይቀው ሳቅ አለ።

«እኔ አነሳለሁ እንጂ አላነብም፣ እህቴ። ማንበብ የዶክተሩ ነው።»

ይህ ቀልድ አልነበረም፤ ሕግ ነበር። የራጅ ሠራተኛ ፊልም ላይ ያየውን ለታማሚ ቢናገር ይቀጣል። ሌላም ሕግ ነበራቸው። ፊልሙ ጨለማ ክፍል ውስጥ በመድኃኒት ከታጠበ በኋላ እስኪደርቅ ለሐኪሙ አይሰጥም። አንድ ጊዜ እርጥብ ፊልም ካርድ ላይ ተቀምጦ የሐኪሙን ጽሑፍ ሁሉ አጥቦት ስለነበር ነው። ስለዚህ ኮሪደሩ ላይ ሽቦ ተወጥሯል፤ ፊልሞቹ ልብስ እንደሚሰጣ እዚያ ይሰጣሉ። ሲደርቁ ፖስታ ውስጥ ይገባሉ፤ ሐኪሙ ጊዜ ሲያገኝ በየተራቸው ያነባል። በጋ ላይ ምንም አይደል። መስከረም ላይ ግን፣ ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ፣ ምን ይደርቃል?

ወጥቼ ስቀመጥ ኦቦ ገመቹ ወንበሩ ላይ አንድ ቦታ ወደ ኋላ ሸሽተው አገኘኋቸው። ረዳቱ እያቃሰተ ስለነበር እሱን አስቀድመውታል። እሱ ሲወጣ ልጅ ያዘለችውን እናት አስገቡ። ልጇ ደህና ነበር፤ እሷም እጇ ላይ ከመጫጫር በቀር ምንም አልሆነችም፤ ግን እናት ናት፣ እናት እንዴት ትጠብቃለች? ከድር በተራው አሻፈረኝ አለ። «በአላህ፣ ኦቦ ገመቹ፣ እኔ ከርስዎ በፊት አልገባም!» ብሎ ማለ።

«አንተ ሱቅህን ከፍተህ ትተህ ነው የመጣኸው፤ ግባ» አሉት።

እየተሳሳቁ ተከራከሩ። ከድር ተሸነፈ። ኦቦ ገመቹ የወንበሩ ጫፍ ላይ ቀሩ። ሁላችንም በፍቅር አየናቸው። «እንዲህ ያለ ሰው ይኑር» አለች እናትየዋ፤ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

በመጨረሻ ሲገቡ ለማ «ደረትዎን ነው?» ሲላቸው ሰማሁ። ትንሽ ቆይተው ወጡና አጠገቤ ተቀመጡ። የሳቸው ፊልም ከሁሉም ኋላ፣ ሽቦው ጫፍ ላይ ተሰቀለ፤ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል።

ልናወራ ሞከርን። ስለ ልጅ ልጃቸው ጠየቅኋቸው።

«ትወድሻለች... ቤት ውስጥ... አስተማሪ ሆና... እኛን ታስተምራለች።»

ንግግራቸው ተቆራረጠብኝ። ደክሟቸው መስሎኝ ዝም አልኩ፤ ይረፉ ብዬ። ጥቂት ቆይቶ ቀና ብዬ ሳያቸው ግንባራቸው ላይ ላቡ ችፍ ችፍ ብሏል። ብርድ ነው እኮ! ከንፈራቸው ጠቁሯል። የአንገታቸው ጅማት ተገትሯል።

«ኦቦ ገመቹ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ረኮ ሂንቀቡ» አሉኝ፤ ችግር የለም ማለታቸው ነው። ለማለት ግን ሁለት ጊዜ መተንፈስ ነበረባቸው።

ተነስቼ ድሬሰሩን ያዝኩት። «ወንድሜ፣ ሰውየው ጥሩ አይደሉም!»

«ራጅ ተነስተዋል?»

«ተነስተዋል።»

«እንግዲያው ፊልሙ ደርቆ ዶክተሩ ሲያነበው ይታወቃል። አሁን በሽተኛ ከፍቶ ነው ያለው፤ ምን ላድርግ ትይኛለሽ?» ደግሞ እውነቱን ነው። ዓይኑ ደም መስሏል።

ቆሽቴ አረረ። ምን እንደማደርግ ስለጠፋኝ ሽቦው ጋ ሄጄ ፊልማቸውን አየሁት። ስለ ራጅ የማውቀው ነገር የለም። ግን ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ መስኮት ነበረ፤ ብርሃኑ በፊልሙ በኩል ይመጣል። የደረታቸው አንደኛው ወገን ጭስ ያለበት ዓይነት ግራጫ ነው። ሌላው ወገን ግን ጥቁር ነው፤ ባዶ፣ ከሰል የመሰለ ጥቁር።

የጨለማውን ክፍል በር ደበደብኩ። ለማ እጁን እየጠረገ ወጣ።

«ሁለቱ ወገን ለምን አይመሳሰልም?»

«እህቴ፣ ነገርኩሽ እኮ፣ እኔ...» ብሎ ጀመረና ፊልሙን ቀና ብሎ አየ። ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። ጨለማ ክፍል ውስጥ በቀይ አምፖል ሲያጥበው ጠርዙ ጥርት ማለቱን እንጂ ሌላ አላየም ነበር፤ እንዳያይ ነው የለመደው። ሕጉን ረስቶ ፊልሙን ከነውሃው ነጠቀና ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል በረረ። እኔም ተከተልኩት። በሩን በእግሩ መታው።

«ዶክተር! ዶክተር፣ ይህንን ይዩልኝ!»

«ደርቋል?» አለ ድምፅ ከውስጥ።

«አልደረቀም! ይዩልኝ ብቻ!»

ሐኪሙ ጭንብሉን እንዳደረገ፣ በደም የተነከረ ጓንቱን ወደ ላይ ይዞ ብቅ አለ። ወጣት ነው፤ ምናልባት ከኔ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ለማ ፊልሙን ወደ ብርሃን ያዘለት። አንዴ ነው ያየው።

«ይኼ ሰውዬ የት ነው ያለው?»

ሦስታችንም ሮጥን። የተሰበረው የጎን አጥንት ሳንባቸውን ወግቶት፣ ከሳንባቸው የሚወጣው አየር ደረታቸው ውስጥ ታምቆ፣ ልባቸውን ወደ ጎን እየገፋ ነበር። ይህን ኋላ ነው የተማርኩት። መድኃኒቱ አንድ ወፍራም መርፌ ነው፤ ደረት ላይ ተወግቶ አየሩን የሚያስወጣ። ከዚያ ቱቦ ይገባል፤ ሰውየው በእግሩ ቤቱ ይሄዳል።

ኦቦ ገመቹ ግድግዳውን ተደግፈው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። ከድር ትከሻቸውን ይዞ «ኦቦ ገመቹ! ኦቦ ገመቹ!» ይላል። ሐኪሙ መሬት ላይ አስተኛቸውና መርፌውን ወጋ። አየሩ ፉጨት እያሰማ ሲወጣ ሰማነው። «ወጣ! ወጣ!» አለ ለማ፤ ደስ ብሎት። እኔም አንድ አፍታ ተረፉ ብዬ ነበር። ሐኪሙ ግን ደረታቸውን መጫን ጀመረ፤ ጫነ፣ ጫነ፣ ላቡ እሳቸው ላይ እየተንጠባጠበ ጫነ። ከቀዶ ጥገናው ክፍል፣ ሐኪሙ አውጥቶት የመጣው ሕፃን ሲያለቅስ ተሰማ። ያን ጊዜ አቆመ።

ቁጭ አለ፤ እዚያው ሲሚንቶው ላይ። ከዚያ ለማን ቀና ብሎ አየው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የተሰቀለው?»

ለማ የሽቦውን ጫፍ አየ።

«ከእንግዲህ እርጥቡ ይምጣልኝ» አለ ሐኪሙ። «ካርድ እንደገና ይጻፋል።» ይህን ብሎ ሴትየዋን ሊሰፋ ተመለሰ፤ መመለስ ነበረበት።

ለቅሶ ሄድኩ፤ ክንዴ ጄሶ ውስጥ ሆኖ። ፈረሰኛው፣ ገበሬው፣ የተካሰሱት ወንድማማቾች ሳይቀሩ ተጋፍተው መጥተዋል። ባለቤታቸው አዴ ዲንቄ ሲያዩኝ ተነስተው ጄሶዬን ሳሙት። አዎ፣ ጄሶዬን። ከድር ሁሉንም ነግሯቸው ኖሯል። ሽማግሌዎቹ በየተራ እየተነሱ ያወድሳሉ፦ ለሴት ተራውን ለቀቀ፣ ለቁስለኛ ለቀቀ፣ ለእናት ለቀቀ፣ የሰው ልክ እሱ ነበር። ሕዝቡ ያለቅሳል፤ ልጆቻቸውም እንባቸው እየወረደ በኩራት ቀና ብለዋል። እኔ ጥግ ይዤ አዳምጥ ነበር። የሚያሞግሱት የገደላቸውን ነገር ነው። ተነስቼ «ኧረ ተዉ! ከኔ በፊት ቢገቡ ኖሮ በሕይወት ነበሩ!» ማለት አማረኝ። ሬሳው ሳይቀዘቅዝ፣ ሐዘንተኛ ፊት፣ እንዲህ ያለ ነገር በምን አፍ ይወጣል?

አምቦ ትምህርት ቢሮ ሳልደርስ ቀረሁ። ጥቂት ዓመት እዚያው ወንጪ አስተማርኩና የራጅ ሥልጠና ሲወጣ ተወዳድሬ ገባሁ። ቤተሰቤ «መምህርነት ትተሽ?» ብሎ አብዷል። ከለማ ጋር የሥራ ባልደረቦች ሆነን ስንት ዘመን አሳለፍን! የአደጋ ፊልም ከነውሃው እየተሯሯጥን ስናመጣ ኮሪደሩ ጎርፍ ይመስል ነበር፤ ጽዳት ሠራተኞቹ ረግመውናል። አዳዲስ ሐኪሞች «ማንበብ ያንቺ ሥራ አይደለም» ሲሉኝ «ላንብብ አላልኩም፣ ቶሎ ያንብቡት ነው ያልኩት» እላቸዋለሁ። ምላሴ ረዝሟል ይባላል፤ ይባል።

ሌላም ለመድኩ። አደጋ ሲመጣ የሚጮኸውን አልፌ ዝም ያለውን እፈልጋለሁ። የወንበሩን ጫፍ ነው መጀመሪያ የማየው። «እኔ ይቆየኝ» የሚል ካለ እሱን ክንዱን ይዤ አስገባለሁ፤ ስንቱ ተቆጥቶኛል፣ ስንቱ «ባለጌ» ብሎኛል!

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። እኔን የተኩት ልጆች ሲቲ ስካን በሚባለው ይሠራሉ፤ ፊልም የለ፣ ውሃ የለ። ባለፈው አንዱ ወጣት ሐኪም፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ምስሉን አይቶ ደም የፈሰሰበትን ከሁሉም ፊት እንዲያደርገው እየተሞከረ ነው ብሎ በጉጉት አጫወተኝ። ደስ አለኝ፤ ከልቤ መረቅሁት። ግን እናንተ አንባቢዎቼ፣ ማሽኑ የሚያስቀድመው የገባውን ነው። በር ላይ ተቀምጦ «ሌላው ይግባ» የሚለውን ማን ያስገባዋል? እባካችሁ፣ ሐኪም ቤት ስትሄዱ ይሉኝታችሁን ከበሩ መልሱት። አመመኝ በሉ። ተራ የሚሰጣችሁም ካለ፣ ከመቀበላችሁ በፊት ፊቱን እዩት።

የምጽፍላችሁ ይህን ብቻ ነበር፤ ግን አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ብቀር ይቆጨኛል። ሥልጠናዬን ጨርሼ ከተመለስኩ በኋላ አዴ ዲንቄን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ማር አቀረቡልኝ፤ ልጆቹ እርሻ ላይ ነበሩ። ያን ጊዜ ኦሮምኛዬ ተሟልቷልና አስተርጓሚ አላስፈለገንም። ፊት ለፊት ጠየቁኝ።

«ባርሲስቱ፣ አሁን ይህንን ሥራ ተምረሻል። ቀድሞ ገብቶ ቢሆን ይድን ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። ዓይናቸውን አየሁና አልቻልኩም።

«አዎ» አልኩ። «ይድኑ ነበር።»

በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ጉልበቴን በእጃቸው ያዙት።

«ለልጆቹ እንዳትነግሪያቸው» አሉኝ። «እንደሱ መሆን ያቆማሉ።»

አልነገርኳቸውም። ከላይ ኦቦ ገመቹ እያልኩ የጻፍኩት ስም የሳቸው ስም አይደለም።